ከበግ ጠጉር የተነሣ ጥያቄ፤ ከዘር ውርስ ትምህርት ታሪክ አንድ ምዕራፍ

በትምህርት ቤቶች የዘር ውርስ ትምህርት ዘወትር የሚጀመረው ከአተር ነው። ግሬጎር ሜንደል የተባለ መነኩሴ በገዳሙ አትክልት ቦታ አተር እንዳዳቀለ፣ ድቡልቡሉንና የተጨማደደውን ፍሬ ለይቶ እንደ ቈጠረ፣ ከቈጠራውም 3 ለ1 የሚሆን ድርሻ እንዳገኘ ለተማሪው ይነገረዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን መነኩሴው ስለምን አተር መቍጠር እንደ ጀመረ፣ ገዳሙስ ስለምን ለዚህ ሥራ ቦታና ገንዘብ እንደ ፈቀደ ሳይነገር ስለሚታለፍ፣ ነገሩ አንድ ብቸኛ ሰው በትርፍ ጊዜው ያገኘው ዕድል መስሎ ይቀራል። ጥያቄው ግን ከአትክልት ቦታ የተነሣ አልነበረም፤ ከበግ በረት የተነሣ ነበር። ያነሡትም የበግ ጠጉር ሸጠው የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ። ለእነርሱ ጥያቄ የተሟላ መልስ የተገኘው ደግሞ በአተሩ ብቻ ሳይሆን፣ ከመቶ ዓመት በላይ በፈጀ የሚዛንና የመዝገብ ሥራ ነው። መምህሩም ሆነ የልማት ዕቅድ አውጪው ይህን ታሪክ ቢያውቀው የሚጠቀምበት ስለሆነ ከዚህ በታች ቀርቧል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሜሪኖ ከእስፓኝ መውጣቱ

ለብዙ መቶ ዓመታት ቀጭንና ለስላሳ ጠጉር ያለው በግ የእስፓኝ ሀብት ነበር። ሜሪኖ የተባለው ይህ በግ በብርዱ ወራት ወደ ደቡብ ሜዳ፣ በሙቀቱ ወራት ወደ ሰሜን ተራራ እየተነዳ ይረባ ነበር። ባለመንጎቹ ሜስታ በሚባል ማኅበር ተደራጅተው በ1273 ከንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ ልዩ መብት ተሰጥቷቸዋል። በጉን ወደ ውጭ አገር ማውጣት ክልክል ስለነበረ፣ ሌሎቹ የአውሮፓ አገሮች ጥሩ ሱፍ ለመሥራት ጠጉሩን ከእስፓኝ መግዛት ግድ ይሆንባቸው ነበር።

በ18ኛው መቶ ዓመት ክልከላው እየላላ ሄደ። በ1765 የእስፓኙ ንጉሥ ካርሎስ 3ኛ ለዘመዱ ለሳክሶኒ ገዢ የሜሪኖ መንጋ ላከለት፤ በ1786 ደግሞ የፈረንሳዩ ሉዊ 16ኛ ከ300 የሚበልጡ ሜሪኖዎች አስመጥቶ ራምቡዬ በተባለው ርስቱ አሰፈራቸው። የኦስትሪያ ነገሥታትም እንዲሁ አደረጉ። ከዚህ በኋላ በየአገሩ የተነሣው ጥርጣሬ አንድ ዐይነት ነበር። የጠጉሩ ቅጥነት የእስፓኝ አየርና ሣር ያመጣው ነውን? ወይስ ከበጉ ዘር ጋር አብሮ የሚሄድ? አየሩና ሣሩ ያመጣው ከሆነ በጉን አስመጥቶ ማርባት ከንቱ ወጪ ነው፤ ዘሩ ያመጣው ከሆነ ግን ማንም አገር ሜሪኖ አርብቶ ሊከብር ይችላል። ስለዚህ ነገሩ የፍልስፍና ክርክር ብቻ ሳይሆን የግምጃ ቤት ጉዳይም ነበር።

ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሉዊ ዶባንቶን ከ1766 ጀምሮ ሞንባር በተባለ ስፍራ በጎች እያረባ ጠጉራቸውን በማጉያ መነጽር ይለካ ነበር። ጠጉራቸው ሻካራ የሆኑ በጎች እንኳ ከተመረጠ አውራ ጋር ሲዳቀሉ የልጆቻቸው ጠጉር ከትውልድ ወደ ትውልድ እየቀጠነ እንደሚሄድ አሳየ። በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር በሌስተርሻየር ሮበርት ቤክዌል የሚባል ገበሬ ነበር። የተወለደው በ1725፣ የሞተው በ1795 ነው። ቤክዌል ይበልጥ የሚፈልገው ሥጋ ስለነበረ ጠጉሩን እምብዛም አላጠናም፤ ዘዴው ግን በመላ አውሮፓ ተሰማ። አውራዎቹን ከእናቶቹ ለይቶ ያኖራል፤ የትኛው ከየትኛዋ ጋር እንደሚገናኝ ራሱ ይወስናል፤ የቅርብ የሥጋ ዘመድ የሆኑትንም ቢሆን ያዳቅላል። ጥሩ አውራ ሲያገኝ አይሸጠውም፤ ለአንድ ወቅት ያከራየዋል እንጂ። በዚህ ዐይነት የአንዱ አውራ ልጆች በብዙ ገበሬዎች እጅ፣ በብዙ ዐይነት ግጦሽ ላይ ይወለዳሉ፤ ባለቤቱም እየተዘዋወረ ይመለከታቸውና የአባትየውን ዋጋ ከልጆቹ ይረዳል። የኪራዩ ዋጋ በመጀመሪያ ጥቂት ሽልንግ ነበር፤ ኋላ ግን በመቶ የሚቈጠር ጊኒ ደረሰ። ይሁን እንጂ ቤክዌል ሥራውን ሠራ እንጂ ምክንያቱን አልጻፈም። ምስጢሩን ይዞ ሞተ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የብርኖ ባለበጎች

ብርኖ በሞራቪያ የምትገኝ ከተማ ስትሆን በዚያ ዘመን በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ውስጥ ነበረች። የሱፍ ፋብሪካዎቿ ከመብዛታቸው የተነሣ «የሞራቪያ ማንቸስተር» ትባል ነበር። ፋብሪካዎቹ ጥሩ ጠጉር ይፈልጋሉ፤ በዙሪያው ያሉት ባለርስቶችና ገዳማት ደግሞ በግ ያረባሉ። በሆሽቲትሴ መንደር የነበረው ባሮን ፈርዲናንድ ጋይስለርን የቤክዌልን መንገድ ተከትሎ ሜሪኖን በቅርብ ዝምድና እያዳቀለ ዝነኛ መንጋ ስላወጣ «የሞራቪያው ቤክዌል» የሚል ስም ወጣለት። በ1798 ወደ ብርኖ የመጣው ክርስትያን ካርል አንድሬ የተባለ የትምህርት ሰው ደግሞ ይህን ዕውቀት በጋዜጣ ማሳተም ጀመረ፤ በ1814ም የበግ አርቢዎች ማኅበር እንዲቋቋም አደረገ።

በማኅበሩ ውስጥ ባለርስቶች፣ የርስት ሹሞች፣ መምህራንና መነኮሳት በአንድ ጉባኤ ይቀመጡ ነበር። አውራዎች ይታያሉ፤ የጠጉር ናሙና ይነጻጸራል፤ ክርክሩም በጽሑፍ ወጥቶ ይሠራጫል። ክርክሩ እጅግ የከረረው በቅርብ ዝምድና ማዳቀል ላይ ነበር። እስከ ሰባት ቤት ቈጥሮ ለሚጋባ ኅብረተሰብ ይህ ክርክር እንግዳ አይሆንበትም። አንደኛው ወገን የሥጋ ዘመድን ከሥጋ ዘመድ ማገናኘት ዘሩን ያደክማል ሲል፣ ሁለተኛው ወገን ደግሞ ጥሩው ጠባይ ጸንቶ የሚቆየው በዚህ መንገድ ብቻ ነው ይላል። ሁለቱም ለቃላቸው ምስክር የሚሆን መንጋ ነበራቸው።

በ1819 በዚህ ክርክር ላይ መልስ የጻፈው የሃንጋሪው መኰንን ኢምሬ ፌሽቴቲች ነው። ፌሽቴቲች በራሱ መንጋ ላይ ለብዙ ዓመታት በቅርብ ዝምድና ሲያዳቅል ስለነበረ፣ ያየውን በአራት ድንጋጌ ከፍሎ አቀረበ። ጤናማና ብርቱ የሆኑ እንስሳት ጠባያቸውን ለልጆቻቸው ያወርሳሉ፤ በልጆች ያልታየ የአያቶች ጠባይ በኋላኛው ትውልድ ተመልሶ ሊታይ ይችላል፤ ለብዙ ትውልድ ጥሩ ጠባይ ከነበራቸው ወላጆችም አልፎ አልፎ ልዩ የሆነ ልጅ ስለሚወለድ እንዲህ ያለው ለዘር አይሆንም፤ በቅርብ ዝምድና ማዳቀል የሚቻለው ጥብቅ ምርጫ ሲደረግ ብቻ ነው። እነዚህንም «የተፈጥሮ ጄኔቲካዊ ሕጎች» ብሎ ሰየማቸው። ይህ ቃል በእንግሊዛዊው ዊልያም ቤትሰን የሳይንስ ስም ሆኖ የወጣው በ1905 መሆኑን ስናስብ፣ የበግ አርቢው ከ86 ዓመት በፊት እንደ ተጠቀመበት ማየት ያስደንቃል። ከአራቱ ውስጥ ሁለተኛው ድንጋጌ ልዩ ትኵረት ይገባዋል። በልጅ ተሰውሮ በልጅ ልጅ የሚገለጥ ጠባይ ካለ፣ ጠባዩ በመካከለኛው ትውልድ ውስጥ ሳይታይ ይኖር ነበር ማለት ነው። ፌሽቴቲች ሁኔታውን አየ፤ ነገር ግን አልቈጠረም።

የብርኖው የቅዱስ ቶማስ ገዳም ርስት ስለነበረው በግ ያረባ ነበር። ከ1824 ጀምሮ አበ ምኔት የነበረው ሲሪል ናፕ በግብርና ማኅበሩ ውስጥ ትልቅ ስፍራ ነበረው። በ1836ና በ1837 በበግ አርቢዎቹ ጉባኤ ላይ ስለ ማዳቀል ዘዴ የሚደረገው ክርክር ማለቂያ አጥቶ ሲደጋገም፣ ናፕ ተነሥቶ መጠየቅ የሚገባው ስለ ዘዴው ሳይሆን ምን እንደሚወረስና እንዴት እንደሚወረስ ነው ሲል አሳሰበ። በኦሎሙክ የተፈጥሮ ታሪክና የእርሻ መምህር የነበረው ዮሐን ካርል ኔስትለርም በዚያው በ1837 ስለ ዘር ውርስ በበግ እርባታ የሚናገር ጽሑፍ አወጣ። ከዚያ በላይ ግን ማንም መሄድ አልቻለም። ጥያቄው በትክክል ተጠይቆ ነበር፤ የተጠየቀው ግን መልሱን ሊሰጥ በማይችል እንስሳ ላይ ነበር።

አተሩና ጠጉሩ

ሜንደል የገበሬ ልጅ ነው፤ ወደ ገዳሙ የገባው በ1843 ሲሆን በ1846 በብርኖ የእርሻ ትምህርት ተከታትሏል። ከዚያም የትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ለመምህርነት የምስክር ወረቀት የሚሰጠውን ፈተና በ1850 ወደቀ፤ በ1856ም እንደ ገና ወደቀ፤ ስለዚህ እስከ 1868 ድረስ በምትክ መምህርነት ብቻ አስተማረ። ይህ ለመምህራን የሚያጽናና ይሁን የሚያስቈጣ ለአንባቢው የተተወ ነው። አበ ምኔት ናፕ ግን በእርሱ ተስፋ አልቈረጠም። ከ1851 እስከ 1853 ወደ ቪየና ልኮ አስተማረው፤ በገዳሙም የመስተዋት ቤት አሠራለት። ሜንደል ከ1856 እስከ 1863 አተር ሲያዳቅል በቈየበት ጊዜ፣ ከሃያ ዓመት በፊት ያንን ጥያቄ በጉባኤ ላይ ያነሣው ሰው አለቃው ነበር።

አተር የተመረጠበት ምክንያት ለበግ አርቢ ግልጽ ነው። አንዲት እናት በግ በዓመት የምትወልደው አንድ ወይም ሁለት ግልገል ነው። ሜንደል በአንድ ጠባይ ላይ ብቻ 5,474 ድቡልቡልና 1,850 የተጨማደደ ፍሬ ቈጠረ፤ ድምሩ 7,324 ነው። ይህን ያህል ግልገል በአንድ ዓመት ለማግኘት በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ እናቶች፣ እነዚህንም የሚያሰማራ እረኛ ሁሉ የወላጆቹን ስም እንዲይዝ ማድረግ ያስፈልጋል። የአተር አበባ ደግሞ ራሱን በራሱ ስለሚያዳብር አባትየው ማን ነው የሚል ጥርጥር የለበትም። ከሁሉም በላይ ሜንደል የመረጣቸው ሰባት ጠባዮች ሁለት መልክ ብቻ ያላቸው ናቸው፤ ፍሬው ወይ ድቡልቡል ነው፣ ወይ የተጨማደደ፤ መካከለኛ የለውም።

ውጤቱን በየካቲትና በመጋቢት 1865 በብርኖ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ማኅበር ላይ አነበበ፤ በ1866ም ታተመ። እስከ 1900 ድረስ ግን ዋጋውን የተረዳ አልተገኘም። ናፕ በ1867 ሞተ፤ ሜንደል በ1868 በፈንታው አበ ምኔት ሆኖ በ1884 ዐረፈ። በእነዚያ ዓመታት ከአውስትራልያ በመርከብ የሚመጣው ጠጉር የመካከለኛውን አውሮፓ ገበያ እየያዘ ስለሄደ፣ ጥያቄውን የወለደው የበግ እርባታም በሞራቪያ እየቀነሰ ነበር።

የሜንደል ሕግ በቀጥታ የሚሠራበት ጠባይ በበግም አለ። በሜሪኖ ነጭነት ጥቁረትን ይሸፍናል፤ ስለዚህ ሁለት ነጭ ወላጆች የተሰወረ የጥቁረት ዘር ካላቸው ከአራት ግልገሎቻቸው አንዱ ጥቁር ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። የፌሽቴቲች ሁለተኛ ድንጋጌ ይኸው ነው። ጥቁሩ ጠጉር ቀለም ስለማይቀበል ነጩን ያበላሻል፤ ባለበጎችም ጥቁር ግልገል በተወለደ ቍጥር ከመንጋው ያስወጣሉ። ዳሩ ግን ጥቁረቱ አያልቅም። ይህ ለክፍል የሚሆን ሒሳብ ነው። በአንድ መንጋ ከ100 ግልገል 1 ጥቁር የሚወለድ ከሆነ፣ የጥቁረቱ ዘር ድርሻ ከአሥር አንድ ነው፤ ከመቶው ውስጥ 18ቱ ነጭ ሆነው ጥቁረቱን ተሸክመዋል ማለት ነው። ጥቁሮቹ ብቻ እየተወገዱ ቢሄዱ፣ የጥቁር ግልገል ቍጥር ከ400 አንድ እስኪሆን ድረስ አሥር ትውልድ ይፈጃል። የበግ ትውልድ ሦስት ወይም አራት ዓመት ስለሆነ ዘመኑ ከ30 እስከ 40 ዓመት ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ በአኃዝ ይታያል።

ባለበጎቹን የሚያሳስባቸው ግን ቀለሙ ሳይሆን የጠጉሩ ክብደት፣ ቅጥነትና ርዝመት ነበር። እነዚህ የምርት ባሕርያት እንደ አተሩ ሁለት መልክ ብቻ የላቸውም። መንጋው በሙሉ ሲመዘን ከቀላሉ እስከ ከባዱ ያለ ክፍተት ይደረደራል፤ አብዛኛው በመካከል፣ ጥቂቱ በዳርና በዳር ይገኛል። ምክንያቱ የሚገኘው በቆዳው ውስጥ ነው። ጠጉር የሚበቅልባቸው ሥሮች ሁለት ዐይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ግልገሉ በማኅፀን ሳለ ቀድመው የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ሁለተኞቹ ዘግይተው ተጀምረው ከተወለደ በኋላ መጠናቸውን ይሞላሉ። የሜሪኖ ቆዳ ከሻካራ በግ የሚለየው በሁለተኞቹ ሥሮች ብዛት ነው። ነገር ግን እናቲቱ በእርግዝናዋ መጨረሻ ብትራብ፣ ግልገሉም ከተወለደ በኋላ ወተት ቢያጣ፣ ከሁለተኞቹ ሥሮች ብዙዎቹ ሳይበስሉ ይቀራሉ፤ በጉም ዕድሜውን ሙሉ ጠጉሩ ይሳሳል። ስለዚህ ጠጉሩ የሳሳ አውራ የቆመው ከዘሩ የተነሣ ይሁን ከእናቱ ረኃብ የተነሣ፣ ዐይን ብቻውን ሊለይ አይችልም። ሣሩ ነው ወይስ ዘሩ የሚለው የድሮ ክርክር የተፈታው ሁለቱም እውነት ሆነው ነው።

ከ1900 በኋላ ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ተከፍለው ነበር፤ እነ ቤትሰን ውርስ በተቈራረጡ ክፍሎች የሚሄድ ነው ሲሉ፣ የሥነ ልኬት ሰዎች ደግሞ እንደ ቁመትና ክብደት ያለ ጠባይ በክፍል አይሄድም ይሉ ነበር። በ1918 ሮናልድ ፊሸር የሁለቱን ቃል አስታረቀ። እያንዳንዳቸው በሜንደል ሕግ የሚሄዱ ብዙ ጂኖች በአንድ ባሕርይ ላይ ጥቂት ጥቂት ሲጨምሩና ሲቀንሱ፣ ከመኖና ከአየር ጋርም ሲደባለቁ፣ የሚታየው ያው ክፍተት የሌለው ድርድር እንደሚሆን በሒሳብ አሳየ። አሜሪካዊው ጄይ ላሽ በ1937 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ለእንስሳት እርባታ አዋለው። ከዚህ የተገኘው ዋና መለኪያ ተወራሽነት ይባላል። በመንጋው ውስጥ ካለው ልዩነት ዘር ያመጣው ስንት እጅ እንደሆነ የሚገልጽ አኃዝ ነው። ለምሳሌ የንጹሕ ጠጉር ክብደት ተወራሽነት 0.4 ቢሆን፣ ለእርባታ የተመረጡት ወላጆችም ከመንጋው አማካይ በግማሽ ኪሎ ቢበልጡ፣ ልጆቻቸው ይበልጣሉ ተብሎ የሚጠበቀው በ200 ግራም ነው። የቀረው 300 ግራም የሣር፣ የዕድልና የመሳሰለው ነበርና አይወረስም።

የቬርሞንት በግ

መለኪያ ሳይኖር በዐይን ብቻ መምረጥ ምን እንደሚያስከፍል የአውስትራልያ ታሪክ በግልጽ ያሳያል። ሜሪኖ ወደ አውስትራልያ የገባው በ1797 ሲሆን፣ በ1861 የፔፒን ቤተ ሰብ በዋንጋኔላ የጀመረው መንጋ ለደረቁ ሜዳ የሚስማማ ትልቅ በግ አወጣ። ጠጉሩ ለባለርስቶቹ የገቢ ምንጭ፣ ለቅኝ ግዛቶቹም የንግድ መሠረት ሆነ። በ1880ዎቹ ግን ከአሜሪካ ከቬርሞንት ግዛት የመጣ ሌላ ሜሪኖ ዝና አገኘ። ቆዳው ከአንገት እስከ ጭራ የተጨማደደ ነበር። የተጨማደደ ቆዳ ሰፊ ነው፤ ሰፊ ቆዳም ብዙ ጠጉር ያበቅላል የሚለው አስተሳሰብ ለማንም አሳማኝ ነበር። በሚዛን ላይ ሲወጣም የቬርሞንቱ ሽልት ከባድ ሆኖ ተገኘ። ከአገሪቱ ታላላቅ ባለበጎች አንዱ የነበረው ሳሙኤል ማኮዪን ጨምሮ ብዙዎች እነዚህን አውራዎች በብዙ ገንዘብ አስመጡ።

ከጥቂት ትውልድ በኋላ ጉዳቱ ታየ። ከሽልቱ ክብደት ብዙው ጠጉር ሳይሆን ስብ ነበር፤ ሲታጠብ ይሄዳል። የጨማደዶቹ ውስጥ ላብና ሽንት ስለሚይዝ ዝንብ እንቍላሏን ትጥልበታለች፤ ትሉም የበጉን ሥጋ በቁሙ ይበላል። የተጨማደዱት እናቶች የሚወልዱትም ጥቂት ነበር። በበጎቹ ላይ ያልነበረውን ጨማደድ ለማስገባት የፈጀው ጊዜ አጭር ነበር፤ ለማስወጣት ግን ግማሽ መቶ ዓመት አልበቃም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በኒው ሳውዝ ዌልስ በትራንጂ የምርምር ጣቢያ ጨማደዱ የበዛውና ጨማደዱ ያነሰው ለየብቻ በሁለት መንጋ ተመርጠው ሲረቡ፣ ጨማደዱን የሚያበዛው ምርጫ የመውለድ ችሎታን እንደሚቀንስ በመዝገብ ተረጋገጠ። ባለበጎቹ አንድ ባሕርይ መርጠው ነበር፤ ሳያውቁት ግን ሌሎች ሁለትና ሦስት አብረው መርጠዋል። የምርት ባሕርያት እንዲህ የተቈራኙ ስለሆኑ በአንዱ ላይ የሚደረግ ምርጫ ሌላውን ይጐትታል፤ የጉተታው መጠንም የሚታወቀው ከዘመዳሞች መዝገብ ብቻ ነው።

በአውስትራልያ ይህን ወደ ሥራ ከለወጡት ውስጥ ሄለን ኒውተን ተርነር አንዷ ናት። በ1908 ተወልዳ በ1995 ያረፈችው ይህች ሴት በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው የሕንፃ ንድፍ ነበር። ሥራ በጠፋበት ዘመን በእንስሳት ጤና ምርምር ቤት ጸሐፊ ሆና ተቀጠረች፤ በዚያው ስታቲስቲክስን ለራሷ አጠናች፤ ኋላም ለተጨማሪ ትምህርት ወደ እንግሊዝ ተላከች። ከዚያ በኋላ በመንግሥት የምርምር ድርጅት ውስጥ የሜሪኖን ባሕርያት ከአባትና ከእናት መዝገብ ጋር እያዛመደች ለዓመታት ለካች፤ በ1969ም ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ስለ በግ እርባታ ሥነ ዘር ልኬት ዋና የሆነውን መጽሐፍ አሳተመች። ውጤቶቿ ለዝነኞቹ የአውራ አርቢዎች ደስ የሚያሰኙ አልነበሩም። የጠጉሩን ቅጥነት በሞገዱ ብዛት በዐይን መገመት፣ የአውራውን ዋጋ በግንባሩና በቁመናው መወሰን የአያት ሙያ ነበርና። ልኬቱ ግን የሞገዱ ቍጥር ቅጥነቱን በአስተማማኝ ሁኔታ እንደማይነግር አሳየ። የንጹሕ ጠጉር ክብደት ተወራሽነት ከ0.3 እስከ 0.4 ገደማ፣ የአንዱ ዘለላ ውፍረት ደግሞ 0.5 ገደማ ሲሆን፣ እናቲቱ በአንድ ጊዜ የምትወልዳቸው ግልገሎች ቍጥር ተወራሽነት ግን 0.1 ያህል ብቻ ነው። ሆኖም የሽልቱ ክብደት ሲጨምር ዘለላው የመወፈር ዝንባሌ አለው፤ ገበያው ደግሞ ለቀጭኑ ነው የሚከፍለው።

በዚህ ችግር ላይ መፍትሔ የሰጠው ላኖይ ሄዝል በ1943 ያወጣው የምርጫ ነጥብ ስሌት ነው። ለእያንዳንዱ ባሕርይ እንደ ገበያ ዋጋው፣ እንደ ተወራሽነቱና ከሌሎች ጋር እንዳለው ቍርኝት ነጥብ ተሰጥቶ ድምሩ አንድ አኃዝ ይሆናል፤ አውራዎቹም በዚያ አኃዝ ይደረደራሉ። ስሌቱ መዝገብ ላለው ሰው ብቻ የሚሠራ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል።

አልፎ አልፎ ደግሞ የምርት ባሕርይ እንደ አተሩ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቡሩላ በተባለው የአውስትራልያ ሜሪኖ ዘንድ ሦስትና አራት መውለድ የተለመደ ነው። ነገሩ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲመረመር ምክንያቱ አንድ ጂን ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ በ2001 ደግሞ ጂኑ ተለይቶ ታወቀ። ለተወራሽነቱ 0.1 ብቻ የሚሰጥ ባሕርይ እንዲህ ያለ አንድ ጂን ደብቆ መኖሩን የጠበቀ ጥቂት ሰው ነበር።

የመንዝ በግ

በኢትዮጵያ ጠጉሩ ለሽመና የሚውል በግ በይበልጥ የሚታወቀው በሰሜን ሸዋ ደጋ ነው። የመንዝ በግ ትንሽ፣ ላታም፣ ጠጉረ ሻካራ ነው፤ በውርጭና በድርቅ ይጸናል። ከጠጉሩ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሠራ የነበረ ሲሆን፣ ጠጉሩን ሴቶች ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። በ1967 በደብረ ብርሃን የበግ ማርቢያ ማዕከል ሲቋቋም የተያዘው ሐሳብ ከሳክሶኒና ከራምቡዬ ሐሳብ እምብዛም አይለይም፤ ከውጭ በሚመጣ አውራ የአገሩን በግ ማሻሻል ነው። ኮሪዴል፣ ሮምኒ፣ ሃምፕሻየር ኋላም አዋሲ በየጊዜው መጡ። ዲቃላዎቹ በማዕከሉ መኖ ላይ ክብደታቸው ጥሩ ነበር። ገበሬው ግን ብዙዎቹን አልወደዳቸውም። ጭራቸው ቀጭን፣ አንዳንዶቹም ቀንድ አልባ ስለነበሩ የመንዝ በግ አይመስሉም ነበርና። ከመጡት ውስጥ የተሻለ ተቀባይነት ያገኘው አዋሲ ነው፤ እርሱም ላት አለውና።

በ1998 በደብረ ብርሃን የምርምር ማዕከል በዚያው በመንዝ በግ ውስጥ ምርጫ ተጀመረ። በ2009 ደግሞ ሥራው ከጣቢያው ወጥቶ ወደ ገበሬው መንጋ ሄደ፤ በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር በጎች ላይ ኅብረተሰቡ ራሱ የሚመራው እርባታ ተቋቋመ። አሠራሩ እንዲህ ነው። በመንደሩ የተወለደ ግልገል ሁሉ ጆሮው ላይ ቍጥር ይደረግለታል፤ የእናቱ ቍጥርና የተወለደበት ቀን ይጻፋል፤ ጡት ሲጥልና ከዚያም በኋላ ይመዘናል። የምርጫው ቀን ሲደርስ ክብደታቸው ከፍ ያለው ጠቦቶች በአንድ በረት ይሰበሰባሉ። በመጀመሪያ መዝገቡ ይነበባል፤ ቀጥሎም ከመንደሩ የተመረጡ ሽማግሌዎች በየተራ ገብተው ላቱን፣ ቀንዱንና መልኩን እያዩ ይወስናሉ። የተመረጠው አውራ በመንደሩ ተይዞ በጋራ ሲያገለግል፣ ያልተመረጡት እናቶችን እንዳያጠቁ ይኮላሻሉ ወይም ይሸጣሉ።